ታብሌት ባጠፋ ኢ-ኢንክ ለምን ይከሰሳል?

ሰሞኑን ለወረቀት መጽሐፍ ጥብቅና የቆመ አንድ ጽሑፍ የኤሌክትሮኒክስ የንባብ መሣሪያን በስድስት ነጥብ ከስሶታል፦ ዓይን ይጎዳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነበቡትን ያስረሳል፣ ባትሪው መሐል ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ ወረቀት ዘመን ሲሻገር እሱ ያረጃል፣ በመጨረሻም የተገዛው መጽሐፍ የገዢው አይሆንም። ፍርዱ አጭር ነው፤ መሣሪያ ያለው ሸጦ ወደ ወረቀት ይመለስ ይላል። ከስድስቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ የሚያሳዝነው ጸሐፊው ለእሱ የመደቡለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱ ግማሽ እውነት ናቸው። የቀሩት ሦስቱ የስልክንና የታብሌትን ጥፋት ለንባብ መሣሪያ ያሸከሙ ናቸው። የጽሑፉን ቅደም ተከተል ይዘን እንሂድ።

ዓይን ይጎዳል ስለመባሉ

ክሱ ስክሪን ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ዓይን ይረጫል የሚል ነው። ለስልክ፣ ለታብሌትና ለኮምፒውተር ልክ ነው። የንባብ መሣሪያ ሲባል ግን በአብዛኛው የሚታሰበው በኢ-ኢንክ (በኤሌክትሮኒክ ቀለም) የሚሠራው ነው፤ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል። ኢ-ኢንክ ስክሪን ከራሱ ብርሃን አያወጣም። ውስጡ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጡ ጥቃቅን ከረጢቶች በሚሊዮን ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ፤ የሁለቱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተቃራኒ ነው። ከሥር ቮልቴጅ ሲሰጥ አንደኛው ቀለም ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላኛው ይሰምጣል። ቮልቴጁ ሲገለበጥ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቮልቴጁ ከተቋረጠ በኋላም ቅንጣቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። ዓይን የሚያየው እንግዲህ ልክ እንደ ወረቀቱ ከመስኮት ወይም ከአምፖል መጥቶ የተንጸባረቀ ብርሃን ነው።

«መብራት አለው እኮ» የሚል ይኖራል። አለው። ነገር ግን መብራቱ ከኋላ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ኤልኢዲዎች ብርሃናቸውን በቀጭን ግልጽ ንጣፍ በኩል ወደ ስክሪኑ ወደ ታች ይልካሉ፤ ከዚያ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ልኩን ለማግኘት አንድ ነጭ ወረቀት ከመሣሪያው ጎን ያስቀምጡና ስክሪኑ ከወረቀቱ የበለጠ እስከማይበራ ድረስ መብራቱን ይቀንሱ። ስክሪኑ ከወረቀቱ ከደመቀ ዓይን የሚደክመው በኢ-ኢንክ ሳይሆን በተጠቃሚው እጅ ነው።

ጸሐፊው ይህን ክስ ከማንሳት እውነተኛውን ድክመት ቢያነሱ ይሻላቸው ነበር። የኢ-ኢንክ ጀርባ ነጭ ሳይሆን ግራጫ ነው። ብርሃኑ ደከም ባለ ክፍል ውስጥ መብራቱ ከጠፋ ፊደሉና ጀርባው የሚለያዩት ከጥሩ ኅትመት ባነሰ መጠን ነው። አብዛኞቹ የአሁን ሞዴሎች በአንድ ኢንች 300 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ያሳያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ኪንድል፣ የአማዞን የንባብ መሣሪያ፣ 167 ነበር። ጥሩ የኦፍሴት ኅትመት አሁንም ከ300 በእጅጉ ይበልጣል። ባለ ቀለሞቹማ ከዚህም ይብሳሉ፦ ካሌዶ 3 የተባለው ስክሪን ጥቁርና ነጩን በ300፣ ቀለሙን ግን በ150 ነው የሚያሳየው፤ የቀለም ማጣሪያው ንጣፍም ብርሃን ስለሚውጥ ጀርባውን ያጠቁረዋል። ልብ ወለድ ብቻ የሚያነብ ሰው ባለ ቀለም መግዛት የለበትም። ያለፈው ገጽ ጥላ ፊደሉ ሥር ተጣብቆ ከታየ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ ከማስተካከያው ውስጥ ስክሪኑ በየገጹ ሙሉ በሙሉ እንዲታደስ ማዘዝ ነው፤ ዋጋው በእያንዳንዱ ገጽ ብልጭ የምትል ጥቁረትና ትንሽ ባትሪ ናት።

እንቅልፍ ይነሳል ስለመባሉ

ጽሑፉ ስም ሳይጠራ «በጥናት ተረጋግጧል» ይላል። በዚህ ጉዳይ አብዝቶ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ የወጣው ነው። 12 ሰዎች ለ5 ተከታታይ ምሽቶች ከመኝታ በፊት ለ4 ሰዓት ያህል በመሣሪያ አነበቡ፤ በሌሎች 5 ምሽቶች በወረቀት። በመሣሪያ ሲያነቡ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው 10 ደቂቃ ያህል ዘገየባቸው፤ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው የሜላቶኒን ሆርሞናቸውም ቀነሰ። መሣሪያው ምን ነበር? በሙሉ ድምቀቱ የበራ ታብሌት። ኢ-ኢንክ አልነበረም። ይህን ውጤት ኢ-ኢንክ ላይ መለጠፍ የአንበሳን ንክሻ ለድመት እንደመጻፍ ነው። እርግጥ የፊት መብራቱን እስከ ጥግ ከፍቶ አልጋ ውስጥ የሚያነብ ሰው ብርሃን እየተቀበለ ነው፤ ምሽት ላይ ቀለሙን ወደ ቢጫ፣ ድምቀቱን ወደ ታች ማውረድ በቂ ነው።

ያነበቡትን ያስረሳል ስለመባሉ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሹን ደግሞ ጥለውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 54 ጥናቶችንና ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ የመዘነ ትንታኔ ወጥቷል። በወረቀት ያነበቡት በመረዳት በልጠዋል፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ለክርክራችን የሚበጀው ዝርዝሩ ነው። ወረቀት የበለጠው መረጃ ሰጪ በሆኑ ጽሑፎች፣ ማለትም በትምህርትና በማብራሪያ ዓይነቶቹ ነው፤ በትረካ ላይ ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ የሰፋው ደግሞ አንባቢው በሰዓት ተገድቦ ሲያነብ ነው። በዚያ ላይ «ዲጂታል» ተብለው ከተቆጠሩት ውስጥ ኮምፒውተሮች አሉበት፤ ስለ ኢ-ኢንክ ብቻ የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

ለኢ-ኢንክ ቀረብ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ነው። 50 ሰዎች አንድ ባለ 28 ገጽ ታሪክ፣ ግማሾቹ በወረቀት ግማሾቹ በኪንድል አነበቡ። በአብዛኛው መለኪያ ተመሳሳይ ውጤት አመጡ። የተለያዩት ነገሩ መቼ እንደሆነና የቱ ከየቱ እንደቀደመ ሲጠየቁ ነው፤ እዚያ ላይ ወረቀት በለጠ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ወረቀት ሲነበብ የግራ እጅ እየከበደ፣ የቀኙ እየቀለለ ይሄዳል፤ አንድ ነገር የት እንደተነበበ በግራ ገጽ ከታች፣ ከመጽሐፉ ሲሶ ላይ ተብሎ ይታወሳል። በመሣሪያ ላይ ሁሉም ገጽ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ለፈተና የሚጠና ከሆነ በወረቀት ይሁን፤ እኛም ከጸሐፊው ጋር ነን። በመሣሪያ ማጥናት ግድ ከሆነ ከታች የሚሮጠውን የ«በመቶ» ቁጥር አጥፍቶ የገጽ ቁጥር ማሳየት፣ ፊደሉን ሳያስፈልግ አለማግዘፍ (ገጹ ባጠረ ቁጥር ሐሳቡ ይበጣጠሳል)፣ በየምዕራፉ መጨረሻም መሣሪያውን ዘግቶ የተነበበውን በእስክሪብቶ በአምስት መስመር መጻፍ ይረዳል። ማስመር ብቻውን አያጠናም፤ በጣት ማስመር እጅግ ስለሚቀል ገጹ ሁሉ ይሰመርበታል።

ጽሑፉ ያላየው ሌላ ጉዳይም አለ። ብዙ ተማሪ በንባብ መሣሪያ ማጥናት አቃተኝ የሚለው በኢ-ኢንክ ሳይሆን በፒዲኤፍ፣ የገጹ አቀማመጥ እንደ ስክሪኑ በማይለወጥ ፋይል፣ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን። ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 6 ኢንች ስክሪን ወርዱ 9፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ነው። ሙሉው ገጽ እዚያ ላይ እንዲገባ ወደ 41 በመቶ መጠኑ መውረድ አለበት፤ በ11 ነጥብ የተጻፈ ፊደል 4.5 ነጥብ ይሆናል፤ ከመድኃኒት ማብራሪያ ወረቀት ያነሰ ነው። ዙሪያው 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ኅዳግ ቆርጠን ጽሑፉን ብቻ ስፋቱን ብናስገባ ወደ 6 ነጥብ ከፍ ይላል። መሣሪያውን አግድም ብንይዘው 8 ነጥብ ያልፋል፤ ይሁንና አንዱ ገጽ ለሁለት ይከፈላል። ባለ 10.3 ኢንች መሣሪያ ላይ ኅዳጉ የተቆረጠ ገጽ ሳይከፈል ወደ 9 ነጥብ ይነበባል። ማጠቃለያው፦ ፒዲኤፍ የሚበዛበት ሰው ትልቁን ይግዛ ወይም በወረቀት ያትም፤ ለትንሹ መሣሪያ ኢፐብ የተባለው የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ነው የሚስማማው፤ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክላል። በኢፐብ ውስጥ ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥን ከታየ ፋይሉ አልተበላሸም፤ መሣሪያው የዚያ ፊደል ፎንት የለውም ማለት ነው። ፎንቱን መጫን ወይም ከመጽሐፉ ጋር የመጣውን የአሳታሚውን ፎንት መምረጥ ነው።

ባትሪው ያልቃል ስለመባሉ

ገጹ ከተገለጠ በኋላ ኢ-ኢንክ ኃይል አይፈልግም ብለናል። ስለዚህ ጸሐፊው የሚፈሩት በምዕራፍ መሐል የመጥፋት አደጋ ከስልክ የመጣ ፍርሃት ነው። የሻጮቹን ማስታወቂያ ግን እኛም አንቀበለውም። «እስከ 12 ሳምንት» ሲሉ በትንሹ የሚጽፉት ሁኔታ አለ፦ በቀን ግማሽ ሰዓት ንባብ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ መብራቱ በመካከለኛ ደረጃ። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው፤ 42 ሰዓት ንባብ ማለት ነው። በቀን 3 ሰዓት የሚያነብ ሰው በ2 ሳምንት ይጨርሰዋል።

ባትሪው ከዚህ በጣም ፈጥኖ ካለቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጽሐፍ ማውጫ ሥራ ነው። ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲጫን መሣሪያው ቃላቱን ለፍለጋ እየመዘገበ ለሰዓታት ይሠራል። አንድ የተበላሸ ፋይል ካለ እሱ ላይ ተጣብቆ ሳያቋርጥ ይሞክራል፤ መሣሪያው ይሞቃል፣ ባትሪው በአንድ ቀን ያልቃል። በኪንድል ላይ ወንጀለኛውን ለማግኘት ትርጉም የሌለው ቃል መፈለጊያው ላይ ይጻፋል፤ ከውጤቱ ጋር ገና ያልተመዘገቡ መጻሕፍት ዝርዝር ይወጣል። ከቀን በኋላም እዚያው የቀረውን መሰረዝ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ መሣሪያ ደግሞ ከ40 እስከ 60 በመቶ ቻርጅ ተደርጎ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ሙሉ ሆኖ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ የሊቲየም ባትሪን ያስረጀዋል።

መሣሪያውን በእውነት የሚገድለው ሌላ ነው፤ ጸሐፊው አላነሱትም። ከኢ-ኢንኩ ሥር በአብዛኞቹ ሞዴሎች ቀጭን መስታወት አለ። ቦርሳ ውስጥ የቁልፍ ክምር ወይም የቻርጀር ጫፍ ሲጫነው መስታወቱ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ያለው ፕላስቲክ ግን ምንም አይታይበትም። ምልክቱ የስክሪኑ አንድ ክፍል ባለበት ደርቆ መቅረቱና ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጉ መስመሮች ናቸው። በዳግም ማስነሳት አይድንም። ደረቅ ክዳን ያለው መያዣ ማድረግና በቦርሳ ውስጥ ስክሪኑን ወደ ደብተር ጠፍጣፋ ወገን ማዞር ነው መከላከያው።

ወረቀት ዘመን ይሻገራል ስለመባሉ

ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተጻፉ መጻሕፍት ዛሬም መነበባቸውን ነው። እነዚያ በብራና የተጻፉ ናቸው፤ ወይም ከበፍታና ከጥጥ ጨርቅ በተሠራ ወረቀት። ዛሬ በየመደርደሪያው ያለው በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራ ነው። ወረቀት ከተፈጨ እንጨት መሠራት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን ቀለም እንዳይሰርግበት አሉም በሚባል ጨውና በሙጫ ይታከም ነበር። አሉሙ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ የወረቀቱን ቃጫ ይቆራርጠዋል። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ በብርሃንና በአየር ቢጫ ይሆናል። ጋዜጣ መስኮት ላይ ሲቀመጥ በቀናት የሚወይበው በዚህ ነው። በዚያ ዘመን የታተሙ ብዙ መጻሕፍት የገጻቸው ጥግ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል።

ዘላቂ ወረቀት አለ፤ መለኪያም አለው። አይኤስኦ 9706 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወረቀቱ ከ7.5 እስከ 10 ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) እንዲሆን፣ አሲድን የሚያከሽፍ ቢያንስ 2 በመቶ የካልሲየም ካርቦኔት ክምችት እንዲኖረውና ሊግኒኑ እጅግ እንዲያንስ ይጠይቃል። ምልክቱ በክብ ውስጥ ያለ የተኛ 8 ነው፤ ከርእስ ገጹ ጀርባ ይፈለግ። «ወረቀት ዘመን ይሻገራል» የሚለው እውነት የሚሆነው ለእንዲህ ያለው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ቢቆይ እንኳ ጥራዙ ላይቆይ ይችላል። የመጽሐፉን ጀርባ ከላይ በኩል እንይ። የታጠፉ ትንንሽ ጥራዞች ጉብ ጉብ ብለው ከታዩ ተስፋ አለ፤ ግን ያ ብቻ አይበቃም፤ የታጠፈውን ጥራዝ በስፌት ፋንታ ጫፉን በስቶ በማጣበቂያ የሚያያዝ አሠራርም አለ። ማረጋገጫው ክሩ ነው፦ አንዱን ጥራዝ እኩሌታው ላይ ስንከፍተው በእጥፉ ውስጥ የስፌት ክር መታየት አለበት። ቀጥ ያለ የቢላ ቁርጥ ብቻ ከታየ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ በትኩስ ሙጫ የተጣበቁ ናቸው። የተለመደው ርካሽ ሙጫ ሲያረጅና ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ መጽሐፉን ጠፍጣፋ አድርጎ መጫን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ገጾቹ በቡድን ይወድቃሉ። አዲስ መጽሐፍ ሲከፈት ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ከፊት ጥቂት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል እያፈራረቁ ወደ መሐል እየተጫኑ መሄድ ጀርባውን ያለማምደዋል።

የወደቀ ቅጠል በፕላስተር አይጣበቅ። የፕላስተሩ ሙጫ ከጊዜ በኋላ ይወይባል፣ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ፕላስቲኩ ሲላቀቅ እድፉ ይቀራል። ነጭ የጠራዦች ሙጫ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ፣ በቅጠሉ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ መቀባት፣ ቅጠሉን እስከ እጥፉ ማስገባት፣ በሁለቱም ወገን ሰም የተቀባ ወረቀት አድርጎ መዝጋት፣ ከላዩ ክብደት ጭኖ እስከ ማግስቱ መተው ነው። ሙጫው ከበዛ ጎረቤት ገጾችን ይዞ ይቀራል፤ ሁሌም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ውሃስ? እርጥብ መጽሐፍ ላይ ሻጋታ በ48 ሰዓት ሊጀምር ይችላል። ጠርዙ ብቻ ከራሰ አቁሞ በማራገቢያ አየር ፊት ቅጠሎቹን ዘርዘር ማድረግ፣ በየ20 ገጹ ውሃ የሚመጥ ወረቀት እያስገቡ መቀየር ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከራሰና ጊዜ ከሌለ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ሻጋታውን ያስቆማል፤ ማድረቁ በኋላ ይደርሳል። የሚያብለጨልጭ የፎቶ ወረቀት ግን እርጥብ ሳለ ካልተላቀቀ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። በንጽጽር አይፒኤክስ8 የተባለው የውሃ መቋቋም ደረጃ የተጻፈበት የንባብ መሣሪያ በአብዛኛው በ2 ሜትር ጥልቀት ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ 60 ደቂቃ እንዲቆይ የተፈተነ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቻርጀር ቀዳዳው ሳይደርቅ ገመድ አለመሰካት ብቻ ነው ጥንቃቄው።

ክብደትን በተመለከተ ጸሐፊው በቅንፍ ያለፉትን እኛም በሁለት መስመር እንለፈው። ባለ 300 ገጽ ኤ5 መጽሐፍ በ80 ግራም ወረቀት ሲታተም 150 ቅጠል ነው፤ አንዱ ቅጠል 2.5 ግራም ገደማ ስለሆነ ያለ ሽፋኑ 373 ግራም ይመዝናል። ባለ 6 ወይም ባለ 7 ኢንች መሣሪያ በአብዛኛው ከዚህ ያነሰ ነው።

የገዙት የራስ አይሆንም ስለመባሉ

ይህ ነው እውነቱ፤ ጸሐፊው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፉትም ይህንኑ ነው። እናግዛቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ከደንበኞቹ ኪንድል ላይ ከርቀት ሰረዘ፤ መጻሕፍቱን በአማዞን መደብር ያቀረበው ሻጭ የቅጂ መብት አልነበረውም ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፤ መጽሐፉ ግን ከባለቤቱ እጅ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍት የኢ-መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ። ገንዘቡን መለሰ፤ በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ለጻፉት ደግሞ 25 ዶላር ጨመረላቸው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 26 ቀን 2025 ጀምሮ አማዞን የተገዙ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በገመድ ወደ ኪንድል ማሻገርን አስቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ወርዶ የተገዛን ኢ-መጽሐፍ እንደ ወረቀቱ አስተላልፎ መሸጥ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አይቻልም ብሎ ወስኗል። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ሳይገልጹ «ግዛ» እንዳይሉ ይከለክላል። በወረቀት ላይ ይህ ጥያቄ የለም፤ ይዋሳል፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል።

መፍትሔው ግን መሣሪያውን መጣል አይደለም፤ ጥፋቱ ሻጩ እንዳይቀዳ ፋይሉ ላይ የሚያደርገው ዲጂታል ቁልፍ ነው። ኢፐብ በራሱ ምስጢር የለውም፤ ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ የተጻፉ ምዕራፎችና ሥዕሎች በአንድ ዚፕ የታጨቁበት ፋይል ነው። ቁልፍ የሌለውን ፋይል ቅጥያውን ወደ ዚፕ ለውጦ መክፈትና ምዕራፎቹን ማየት ይቻላል። ተከፍቶ ጽሑፉ ከተነበበ የገዢው ነው፤ ጽሑፉ ያለበት ፋይል ትርጉም የለሽ ምልክት ከሆነ ተቆልፏል። አንዳንድ አሳታሚዎች ያለ ቁልፍ ይሸጣሉ፤ የቅጂ መብታቸው ያለፈ ሥራዎችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ በነጻ ይሰጣል። የወረደውን በኮምፒውተርና በሌላ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ መሣሪያው ቢሰበር የጠፋው መሣሪያ ብቻ ይሆናል።

የጸሐፊውን ምክር ተቀብሎ መሣሪያውን ለመሸጥ የቆረጠ ካለ ቅደም ተከተሉን አይሳት። መጀመሪያ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የተሰመሩ ዓረፍተ ነገሮችና ማስታወሻዎች ያሉበትን ፋይል ይቅዳ፤ ኪንድል ላይ ሰነዶች በሚለው ማኅደር ውስጥ ያለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በገመድ በተጫኑ መጻሕፍት ላይ የተሰመረው ወደ አካውንቱ ስለማይሄድ ካልተቀዳ ይጠፋል። ቀጥሎ መሣሪያውን ከአካውንቱ ያላቅ፤ ይህ ከተረሳ ገዢው በሻጩ ስም መጽሐፍ ሊያወርድ ይችላል። ከዚያ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰውና ባትሪውን ግማሽ ላይ አድርጎ ያስረክብ። ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚሸጥ መጽሐፍ ግን አይኖርም፤ እነሱ አካውንቱ ላይ ይቀራሉ።